ክፍል 7፦ አሮጊቷ መጣች

ሰው በትርፍ ጊዜው ቋንቋ ይማራል፣ ስፖርት ይሠራል። እኔ እ.ኤ.አ. በ1975 ለተሠራ ኮሜዲ ነጥብ እሰጣለሁ። ፎልቲ ታወርስን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ልየው፣ ለእያንዳንዱ ክፍልም ከ10 ልስጠው አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ደብተር ግን ገዛሁ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እንግሊዝ አገር፣ ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ ሆቴል አለ። ባለቤቱ ባዚል ፎልቲ፣ እንግዳ የሚባል ፍጡር ባይኖር ኖሮ ጎበዝ ሆቴለኛ ይወጣው ነበር። ሚስቱ ሲቢል ስሙን አንዴ ጠርታ ቀጥ ታደርገዋለች። ማኑዌል የሚባል ከባርሴሎና የመጣ አስተናጋጅም አለ። እንግሊዝኛው አልገባ ስላለው የሁሉንም ጥፋት በጭንቅላቱ ይቀበላል። የተሠራው በጠቅላላው 12 ክፍል ነው። ስድስቱ በ1975፣ ስድስቱ በ1979። አንዱ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። በሳምንት ይጠናቀቃል ብዬ ተነሳሁ።

ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ሳቅ፣ ታሪክ፣ ትወና፣ እውነትነት። ሳቅ የሚቆጠረው በጭረት ነው። ድምፅ ያለው ሳቅ አንድ ጭረት፣ በአፍንጫ የወጣ ግማሽ። ማታ ማታ ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ እስክሪብቶ ይዤ አያለሁ። ሥራ ላይ እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም።

ችግር የነበረው እውነትነት ላይ ነው። ባዚል አንዲት ትንሽ ውሸት ይዋሻል። እሷን ለመሸፈን ሌላ ይጨምራል። በ20 ደቂቃ ውስጥ ቤቱ ተገልብጦ፣ አንድ ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ማኑዌል በጥፊ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። ሰውዬ፣ እውነቱን ተናግረህ አታርፍም? በጤናው እንዲህ የሚያደርግ ሰው የት ነው ያለው? ለጠባዩ አይደለም የቀነስኩት። ጠባዩ ከእውነተኛ ሰው የተወሰደ ነው። የሞንቲ ፓይተን ኮሜዲያን በ1970 ቶርኪ ሆቴል ሲያርፉ፣ ባለቤቱ ከመካከላቸው የአንዱን ቦርሳ ቦንብ ይሆናል ብሎ ወስዶ ውጭ አጥር ሥር አስቀመጠው። ውስጡ የነበረው የማንቂያ ሰዓት ነው። ባዚልን ሆኖ የሚሠራው ጆን ክሊዝ ከመካከላቸው አንዱ ነበር፤ ባዚልን የቀዳው ከዚህ ሰው ነው። ስለዚህ ጠባዩን አምናለሁ። ውሸቱን ግን አላመንኩም። ከየክፍሉ 2 ነጥብ ቀነስኩ። በ2000 የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት የአገሩን 100 ምርጥ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ሲያወጣ ፎልቲ ታወርስን አንደኛ አድርጎታል። ያድርጋ። እኔ ቀንሻለሁ።

ስድስተኛውን እንደጨረስኩ አማቴ ሊጠይቁን መጡ። በማግስቱ ባለቤቴን ሥራ ላካት፤ ለአምስት ቀን። እኔና አማቴ ቀረን።

አማቴ ከ30 ዓመት በላይ አማርኛ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ቀይ እስክሪብቶው ግን አልወጣም። የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያርሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል። ማዳመጫ መሣሪያ አላቸው፤ ቤት ሲሆኑ ግን ያጠፉታል። «ዝም ብሎ ባትሪው ለምን ይለቅ?» ይላሉ። የእንግዳ ክፍላችን መስኮት ደግሞ በቀጥታ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያሳየው። የመጡ ዕለት መጋረጃውን ገልጠው አዩ፣ መልሰው ዘጉት። «ልጄ፣ ይህ መስኮት ለምን ተሠራ?» አሉኝ። እንጃ።

እዚህ ላይ ሰባተኛው ክፍል ስለ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ወይዘሮ ሪቻርድስ የሚባሉ አሮጊት ሆቴሉ ይገባሉ። ጆሯቸው አይሰማም። ባትሪ እንዳያልቅ ማዳመጫቸውን ያጠፋሉ። ከመስኮታቸው የሚታየው ነገር አይጥማቸውም።

ሶፋው ላይ ትራስ ነክሼ ነው የሳቅኩት። ጭረቱን መቁጠር አልቻልኩም። በዚያ ስሜት ውስጥ ሆኜ የጻፍኩትን ቃል በቃል ላስቀምጠው፦

«ክፍል 7። አሮጊቷ መጣች። ገና ከበሩ ጩኸት። ጆሮዋ አይሰማም፤ ባትሪ ለመቆጠብ ማዳመጫዋን ታጠፋለች!! መስኮቱን አልወደደችም። መታጠቢያው ጠበባት። ገንዘቤ ተሰረቀ ትላለች፤ ራሷ ናት የረሳችው። እንዲህ ያለች ሴት ለግማሽ ሰዓት ትጥማለች። ከዚያ በላይ ብትቆይ አብዳለሁ። 9 ከ10።»

የገጸ ባሕርያቱን ስም መጻፍ ይደብረኛል። የፊልሙን ስምም ከሽፋኑ ላይ አልጻፍኩም። ማን ሊያነበው ነው?

በሁለት ሌሊት እስከ አሥረኛው ደረስኩ። አሥረኛው፣ እንግዳ አልጋው ላይ ሞቶ የሚያድርበት ነው። ባዚል ቁርስ ይወስድለታል፣ መሞቱን ሳያይ እየተነጫነጨ ይወጣል። ከዚያ ሬሳውን ከእንግዶቹ ለመደበቅ ሆቴሉን ሙሉ ተሸክመውት ይዞራሉ። ለኔ ከ12ቱ ይህን የሚያክል የለም። የጻፍኩትም፦ «ክፍል 10። እንግዳው አልጋው ላይ ሞቶ አደረ። ቁርስ ተወሰደለት፣ ማንም አላወቀም። ከዚያ ማንም ሳያይ በልብስ ቅርጫት። ፍጹም ነው! 10 ከ10።»

ጠዋት ደብተሩ ሶፋው ላይ የለም።

እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት ጥሩ አማች ልሁን ብዬ ቁርስ አልጋቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። አማቴ ሰሐኑን አዩት። እኔን አዩኝ። «አንተ ቅድም» አሉ። በልቻለሁ አልኳቸው። «እንግዲያው እኔም በልቻለሁ» አሉና ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

ማታ እራት ላይ ጥያቄ ጀመሩ።

«ይህ ቤት ስንት ክፍል ነው?»

«ሳሎኑን ጨምሮ አራት ነው እማማ።»

«አሥር አይደለም?»

«ኧረ አሥር ከየት መጥቶ!»

ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «የልብስ ቅርጫት አላችሁ?»

«አለን እንጂ። ትልቅ ነው። ሲሞላ ለሁለት ሰው ነው የሚነሳው» አልኩ፤ ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው ገንዘባቸውን ቆጠሩ። ሲጨርሱ እንደገና ቆጠሩ። በዚያ ሌሊት የእንግዳው ክፍል በር ላይ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። አሁንም አልገባኝም። ሽማግሌ ነገር ያበዛል ብዬ ተኛሁ።

የገባኝ በማግስቱ ማታ ነው። ሦስት ሰዓት ግድም ነው። አማቴ መታጠቢያ ቤት ገብተዋል፣ በራቸው ገርበብ ብሏል። ሳልፍ አየሁት። ደብተሬ ትራሳቸው ላይ ነው። መሐሉ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ተሰክቷል። ያቺን የቤቱን ክፍል ቁጥር፣ ቅርጫቱን፣ ያልተበላውን ቁርስ አንድ ላይ ደመርኳቸው። ጉልበቴ ከዳኝ።

ገብቼ ደብተሩን አነሳሁ፣ ሸሚዜ ሥር ሆዴ ላይ ወሸቅኩት። ዞር ስል አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ፎጣቸውን ይዘው።

«ምን ትፈልጋለህ?»

አሁን አስቡት። «ደብተሬን ረስቼ ነው» ብል ያልቅ ነበር። ሦስት ቃል። እኔ ግን ያልኩት፣ «መስኮቱን ልይ ብዬ ነው።»

«መስኮቱ ምን ሆነ?»

«ነፋስ ያስገባል።»

«አያስገባም።»

«ያስገባል። አደገኛ ነው!» አልኩ፤ ሳይሰሙ እንዳይቀሩ ጮክ ብዬ። እንግዳ እየሞተ ያድርበታል ብለው በሚያስቡት ቤት ውስጥ «አደገኛ» ብዬ ጮህኩባቸው።

ነፋስ ያስገባል ያለ ሰው መስኮቱን መንካት አለበት። ካቻቢቴ አመጣሁ። መስኮቱ ምንም አልነበረበትም። ምንም የሌለበትን ነገር መጠገን እንዴት ከባድ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። አንድ ብሎን አላላሁና መልሼ አጠበቅኩ። አማቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ሥራ መምሰል ስላለበት ሁለተኛውን ፈታሁ። ከዚያ የላይኛውን ማጠፊያ ፈታሁ። ለምን የላይኛውን? አላውቅም። መስኮቱ ቀስ ብሎ አጋደለ፣ ከግድግዳው ተላቀቀና ሙሉ በሙሉ እጄ ላይ መጣ።

ሁለቱም እጄ ተይዟል። ደረቴ ላይ መስኮት አቅፌ ቆሜያለሁ። በዚህ መሐል ሸሚዜ ከሱሪዬ ወጣ፣ ደብተሩም ተንሸራትቶ መሬት ላይ ቧ አለ። ክፍል 7 ላይ ተከፍቶ።

ገጹ ደም የነካው ይመስላል። አማቴ አርመውታል።

«አሮጊቷ» ተሰርዞ «አዛውንቷ» ሆኗል። «መጣች» ተሰርዞ «መጡ»። «ጆሮዋ»፣ «ጆሯቸው»። «ጠበባት»፣ «ጠበባቸው»። ከላይ እስከ ታች እያንዳንዷን አንቺታ ወደ አንቱታ ቀይረዋታል። «ራሷ ናት የረሳችው» የሚለውን «ራሳቸው ናቸው የረሱት» ካሉ በኋላ ጠርዙ ላይ፣ «አልረሳሁም። ቆጥሬዋለሁ፤ ልክ ነው» ብለው ጽፈዋል። «አብዳለሁ» ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከግርጌው፦ «የእጅ ጽሑፍ፦ ጥሩ። አክብሮት፦ 0 ከ10። ወላጅ ይቅረብ።»

በክፍል 10 ገጽ ላይ እርማት የለም። ሦስት ቀይ የጥያቄ ምልክት ብቻ።

«እማማ፣ ፊልም ነው» አልኩ፤ ከነመስኮቴ።

«የትኛው?»

«ሁሉም! አሮጊቷም… አዛውንቷም ፊልም ናቸው!»

አላመኑኝም። እኔም ብሆን አላምንም። መስኮቱን ግድግዳ አስደግፌ፣ ኮምፒውተሩን አምጥቼ፣ ሰባተኛውን ክፍል ከፈትኩ። ማዳመጫ መሣሪያቸውን አበሩ። እንግሊዝኛው ስለፈጠነባቸው እኔ እየጮህኩ መተርጎም ነበረብኝ። ባዚል ወይዘሮዋን የሚላቸውን ሁሉ ለአማቴ፣ በጆሯቸው፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት በጩኸት መናገር ምን እንደሚመስል ለማንም አልመኝም። ስድቡን በአንቱታ ነው የተረጎምኩት።

አማቴ አልሳቁም። በጽሞና ተከታተሉ። ሲያልቅ፣ «ሴትየዋ ልክ ናቸው» አሉ። «ለክፍሉ ከፍለዋል። መስኮት ካለ የሚታይ ነገር ይኑረው። ይሄ ረጅሙ ግን አሳዳጊ የለውም።» ለወይዘሮ ሪቻርድስ 10 ሰጡ፣ ለባዚል 2። ገንዘቡን ራሳቸው ሱቅ ረስተውት እንደነበር መጨረሻ ላይ ታይቷል እኮ ስላቸው፣ «ሰው ይረሳል» አሉ። ቆጥሬዋለሁ ያሉት ሴት!

ከዚያ ማኑዌልን ያዙ። «ይህ ልጅ ምን አድርጎ ነው ሁልጊዜ የሚመታው?» ተዋናዩ አንድሪው ሳክስ ስፔናዊ እንዳልሆነ፣ በርሊን ተወልዶ በልጅነቱ ከናዚዎች የሸሸ ሰው እንደሆነ ነገርኳቸው። አንዴ ቀረጻ ላይ በእውነተኛ የብረት ድስት ጭንቅላቱን እንደተመታም ጨመርኩ። ባዚል ከ2 ወደ 0 ወረደ። ፊልሙ ስፔን ውስጥ ሲታይ ማኑዌልን ጣሊያናዊ አደረጉት ስላቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «የራሱን ማን ያስነካል!»

ማን ጻፈው ብለው ጠየቁ። ባልና ሚስት፣ ጆን ክሊዝና አስተናጋጇን ፖሊን ሆና የምትሠራው ኮኒ ቡዝ፤ ሁለተኛው ዙር ሲሠራ ተፋትተው ነበር፣ ያንንም አብረው ጻፉት አልኳቸው።

«ተፋትተው አብረው ጻፉ?»

«አዎ።»

«እናንተ ሳትፋቱ አብራችሁ መጋረጃ መስቀል አቅቷችኋል።»

አሥረኛውን በዚያው ሌሊት ካላየሁ አልተኛም አሉ። ገባኝ፤ የራሳቸውን ጉዳይ ማጣራት ነበረባቸው። ባዚል ራሱ ቅርጫት ውስጥ ገብቶ ተሸክመውት ሲወጡ፣ አማቴ ከመሳቃቸው የተነሳ መሣሪያው ከጆሯቸው ወልቆ ትራስ ሥር ገባ። ሦስቱን የጥያቄ ምልክት ሰርዘው «10» ጻፉ። እስክሪብቶውን ለኔ አቀበሉኝ። ወደ ኋላ ተመልሼ የ«እውነትነት»ን ዓምድ ከክፍል 1 ጀምሮ አስተካከልኩ። የቀነስኩትን 2፣ 2 ነጥብ በሙሉ መለስኩ። ባንድ መስኮት ምክንያት።

መስኮቱ መልሶ አልገጠመም። ቀዳዳውን ለጊዜው በካርቶን ዘጋሁት።

ባለቤቴ የመጣች ማታ አሥራ ሁለተኛውን እያየን ነበር። የማኑዌል አይጥ ሆቴሉን ስትዞር እኔ እየጮህኩ እተረጉማለሁ። እናቷን ሳመች፣ ሻንጣዋን ለማስቀመጥ ወደ እንግዳው ክፍል ገባች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች።

«መስኮቱ የት ሄደ?»

አፌን ከፈትኩ። «ነፋስ…» ብዬ ጀመርኩ።

አማቴ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሱ፣ ሰባተኛው ክፍል ላይ ማኑዌል እንደሚለው ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «እኔ ምንም አላውቅም» አሉ። ከዚያ አሰብ አደረጉና ጨመሩበት።

«ካርቶኑ ግን ይሻላል። ግድግዳውን አያሳይም።»