በአሹራ ቀን ቡና ዱቄት ይዤ የሮጥኩበት ገጠመኝ

ሊባኖስ የሰራሁት እንደ ብዙዎቻችን ቤሩት አይደለም፣ ደቡብ ውስጥ ናበቲየ የምትባል ከተማ ነው። ቤቱ ውስጥ ማዳም፣ ባሏ (ሚስተር ነው የምለው)፣ ሁለት ልጆች እና የሚስተር እናት ነበሩ፣ እሳቸውን ሰፈሩ በሙሉ ሀጄ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዛው ለመድኩ። የመጀመሪያው ዓመት ሙሀረም የሚባለው ወር ሲገባ ቤቱ በአንድ ቀን ጥቁር ለበሰ፣ ሙዚቃ ቆመ፣ ማዳም የጥፍር ቀለሟን በአሴቶን አስለቀቀች፣ እኔ ዘመድ የሞተባቸው መስሎኝ ማን እንደሆነ እንኳን ሳልጠይቅ ኩሽና ገብቼ ማልቀስ ጀመርኩ። ሀጄ መጡና "ማን ሞቶብሽ ነው ያ ቢንቲ (ልጄ)?" አሉኝ። "የናንተ ሰው" አልኳቸው። እቅፍ አድርገውኝ አብረውኝ አለቀሱ፣ ቆይተው ነው "አዎ የኛ ሰው ነው፣ ከሞተ ግን ከ1,300 ዓመት በላይ ሆኖታል" ያሉኝ።

ሁሴንን ያወቅኩት እንዲህ ነው። የነቢዩ የልጅ ልጅ፣ የአሊ ልጅ፣ በ680 እ.ኤ.አ. ኢራቅ ውስጥ ከርበላ ላይ የዘመኑ ገዢ ለነበረው ለየዚድ አልገዛም ብሎ፣ ወንዝ አጠገብ ሆኖ ውሃ ተከልክሎ ከ72 ሰዎቹ ጋር የተገደለ። ሺዓ የሚባሉት ሙስሊሞች ከሙሀረም 1 እስከ 10 የሚያለቅሱት ለሱ ነው፣ አስረኛዋ ቀን አሹራ ትባላለች። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ክርስቲያን ነኝ፣ እስላም ጎረቤቶቻችን አሹራን በፆም ነው የሚያውቋት፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም ነበር።

ለቅሶው ግን ባዳ አልሆነብኝም። ደረት መድለቅ እኛም አገር አለ፣ ሙሾ አውራጅም አለ። አጎቴ የሞተ ጊዜ አያቴ ፊቷን ነጭታ ቁስሉ ስንት ሳምንት አልደርቅ ብሏት ነበር፣ የንስሀ አባቷም ተቆጥተዋታል፣ "አልቅሺ፣ እግዜር የሰጠሽን ፊት ግን አትቅደጂ" ብለዋታል። ስቅለትም ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ ውለን ማታ ካህኑ ጀርባችንን በወይራ ቸብ ቸብ ያደርጉናል። ስለዚህ ሰው በሀዘን ሰውነቱን ማድከሙ ምን እንደሆነ ይገባኛል፣ ከላይ ሆኜ እነሱ ላይ ልፈርድ አልጻፍኩም።

ማታ ማታ ሀጄ ሳሎን ውስጥ የሴቶች የለቅሶ ስብሰባ ነበር፣ መጅሊስ ይሉታል። የኔ ስራ መራራ ቡና ማዞር፣ ሶፍት ማቅረብ፣ ካዕክ አል አባስ የሚሉትን ሰሊጥ ያለበት ጣፋጭ ዳቦ መቁረስ ነው። አንዷ ሴትዮ ታነባለች፣ ሌሎቹ ያለቅሳሉ። አንድ ማታ ጀውን የሚባል ሰው ታሪክ ተነበበ። ባርያ የነበረ ጥቁር ሰው ነው፣ የነቢዩ ባልደረባ የአቡ ዘር አገልጋይ የነበረ፣ ከርበላ ላይ ሁሴን "አንተ ሂድ፣ ነፃ ነህ" ሲለው እምቢ ብሎ ሽታዬ መጥፎ፣ ዘሬ ዝቅ ያለ፣ መልኬም ጥቁር ቢሆን ይሄ ጥቁር ደሜ ከደማችሁ ሳይቀላቀል አልለያችሁም ብሎ የሞተ። ሴቶቹ ሁሉ እኔን እያዩ አለቀሱ። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ፣ እዛ ቤት የኔ ሳህንና ብርጭቆ ለብቻው ነበር የሚቀመጠው። ሀጄ ያን ማታ ምንም አላሉም፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ከራሳቸው ስኒ ቀድተው ሰጡኝና አጠገባቸው አስቀምጠውኝ የነቢዩ ሰዎች መካ ላይ ሲሳደዱ ወደ አገርሽ ንጉስ ነው የሸሹት፣ መሪያቸው ጃእፈር ደሞ የአሊ ወንድም፣ የሁሴን አጎት ነው አሉኝ። የነጋሺን ታሪክ እኔም አውቀዋለሁ፣ ነጃሺ ትግራይ ውስጥ እንዳለም አውቃለሁ፣ ግን ያኛውን ከዚህኛው ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። ከዛ ቀን በኋላ ብርጭቆዬ ከነሱ ጋር ታጠበ። በመጅሊስ ብዙ እንባ አይቻለሁ፣ ሰው የለወጠ እንባ ግን በቅርብ ያየሁት ያን ማታ ነው።

ሌላ ማታ ደሞ አንባቢዋ ስለ ቃሲም ማንበብ ጀመረች፣ የሁሴን የወንድም ልጅ፣ ገና ልጅ እግር። ከርበላ ላይ ልክ ሊሞት ሲል ሰርግ ተደገሰለት፣ ሂና ተቀባ እያለች ስትተርክ ሴቶቹ ጮኹ፣ አንዷ ልትወድቅ ነበር። ሀጄ ግን እንባቸው ደረቀ። ሲያልቅ አንባቢዋን ኩሽና ጠሩና፣ እኔ እቃ እያጠብኩ ነው፣ በቀስታ "ያ ሰርግ አልነበረም፣ ሊቃውንቱ ሀሰት ነው ብለዋል፣ ልጁ ተጠምቶ መሞቱ አይበቃሽም ወይ?" አሏት። ሴትዮዋ "ሰዉ እንዲያለቅስ ነው" አለች። ሀጄም "ሁሴን በውሸት የሚለቀስለት ሰው አይደለም" አሉ። እኛም አገር ሙሾ አውራጅ ሟቹን ያልሰራውን ጀግንነት ስትጭንበት የቤቱ ሰው አንገቱን ሲደፋ አይቻለሁ፣ እና ሀጄ ምን እንዳመማቸው ገባኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ናበቲየ በአሹራ የምትታወቀው በደም ነው። ወንዶቹ ነጭ ለብሰው፣ ጭንቅላታቸው ላይ ከፊት በኩል በምላጭ ወይ በሰይፍ ይሰነጠቁና በመዳፋቸው ቁስሉን እየመቱ "ሀይደር! ሀይደር!" እያሉ ይሄዳሉ፣ ሀይደር የአሊ ስም ነው። ከነሱ ሌላ አደባባዩ ላይ የከርበላን ጦርነት በፈረስና በድንኳን ቲያትር አድርገው ያሳያሉ፣ ከሩቅ አገር ሁሉ ሰው ይመጣል። ይሄ ደም ነገር ሁሉም ሺዓ የሚስማማበት እንዳይመስላችሁ። ሀጄ ከአባታቸው የሰሙትን ነግረውኛል፣ እዛው አካባቢ ሻቅራ የምትባል መንደር የተወለዱ ሰይድ ሙህሲን አል አሚን የሚባሉ ትልቅ ሊቅ በ1920ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ይሄ ሀራም ነው ብለው ጽፈው ብዙ ሰው ሰደባቸው፣ የናበቲየው ሼህ ደሞ በተቃራኒው ደግፈው ቆሙ። በኋላም የኢራን መሪ የነበሩት ኻሜነኢ በ1994 ከለከሉ፣ ቤሩት ውስጥ ፈድለላህ የሚባሉ ሊቅ ከለከሉ፣ ሂዝቦላህም ተከታዮቹን ይከለክላል፣ ደማችሁን ለታማሚ ለግሱ ይላል። የሚፈቅዱ ሊቃውንትም አሉ። አንድ ቤት ውስጥ እንኳን እናትና ልጅ አይስማሙም፣ የኛ ቤት እንደዛ ነበር።

ሚስተር መሰንጠቁን ለምን እንደዛ አጥብቆ እንደያዘ ሀጄ ሲነግሩኝ ነው የገባኝ። በ1983 ኦክቶበር 16፣ በአሹራ ቀን፣ አገሩ በእስራኤል ወታደሮች ተይዞ እያለ፣ የወታደር ኮንቮይ የአሹራውን ህዝብ ሰንጥቆ ልለፍ አለ፣ ህዝቡ ድንጋይ ወረወረ፣ መኪና ተቃጠለ፣ ወታደሮቹ ተኮሱ፣ ሰው ሞተ። ሚስተር ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር፣ ሀጄ ትከሻ ላይ። እና ለሱ ያ አደባባይና ያ ደም አንድ ሆኖበታል፣ ሳይሰነጠቅ የዋለ ሰው ፈሪ ይመስለዋል።

በ2016፣ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ ትልቁ ልጅ 9 ዓመቱ ነበር። ማታ ሚስተር ነጭ ልብስ አምጥቶ እንድተኩስ ሰጠኝ። አንዱ የሱ ነው፣ አንዱ ግን ትንሽ ነው። ገባኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ ግን ተኮስኩት፣ ማዳምን አልጠየቅኩም፣ ለሀጄም አልተናገርኩም፣ የሰራተኛ ነገር ሆኖ አያገባኝም አልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው፣ ያን ትንሽ እጅጌ ገልብጬ ስተኩስ የተሰማኝን ብናገር ኖሮ።

ጠዋት ማዳም ከትንሿ ልጅ ጋር ሀሪሴ (የስንዴና የስጋ ገንፎ ነው፣ በትልቅ ብረት ድስት ሌሊቱን ሲማሰል ያድራል) ለጎረቤት ስታከፋፍል እኔ ቤት እያጸዳሁ ነው። በሩ ተደበደበ። ልጁን አንድ ጎረቤት አቅፎት መጣ፣ አባቱ ሰልፍ ውስጥ ነው። ነጩ ልብስ እስከ ሆዱ ቀይ ነው፣ ደሙ አይኑ ውስጥ ገብቶ አይኑን መግለጥ አልቻለም፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። አያለቅስም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ፣ ስሜን በቀስታ ይጠራል፣ እናቱን ሳይሆን እኔን።

እኔ ምን አደረግኩ? ሮጬ የቡና ቆርቆሮውን አመጣሁ። እናቴ ቢላ ሲቆርጠን፣ ድንጋይ ሲፈነክተን ቡና ዱቄት ነው የምትነሰንስበት፣ ከናቷ ነው ያየችው፣ እኔም ከሷ፣ ሌላ አላውቅም። ያን ሄል ያለበት የሊባኖስ ቡና በእፍኝ ዘግኜ ቁስሉ ላይ ደፋሁት። ቡናው ከደሙ ጋር ጭቃ ሆኖ በግንባሩ ወረደ፣ ደሙ ግን አልቆመም። ጨመርኩ። አሁንም አልቆመም። ሀጄ ከመኝታ ክፍል በከዘራ ወጡ፣ አይተው አልጮሁም፣ "አንሺው፣ ወደ ቀይ መስቀል" አሉኝ።

የቀይ መስቀሉ ድንኳን ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ነው፣ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ያከመችው ልጅ ሀያ ዓመት አይሞላትም፣ በጎ ፈቃደኛ ናት፣ ጓንቷን ቀይራ አየችና "ይሄ ምንድነው?" አለች። ቡና አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ አልሰደበችኝም። በሳላይን ስታጥበው ግን እያንዳንዷን ቅንጣት ከቁስሉ ውስጥ ማውጣት ነበረባት፣ ያኔ ነው ልጁ የጮኸው። አባቱ ሲያሰነጥቀው ያልጮኸ ልጅ የኔ ቡና ሲታጠብ ጮኸ። ጎዝ አስያዘችኝና እጄን በእጇ ጭና "ጫኚ፣ ጠንከር አድርገሽ፣ 10 ደቂቃ እያነሳሽ አትዪ፣ ጭንቅላት የደም ስሩ ብዙ ስለሆነ ደሙ ይበዛል፣ የሚያቆመው መጫን ነው፣ ቡናም አመድም የጥርስ ሳሙናም አይደረግም" አለችኝ። ጫንኩ። ቆመ። ሁለት ስፌት ተሰፋ። ከዛ ምላጩ የስንት ሰው እንደነካ ጠየቀች፣ የሚያውቅ የለም፣ ማዳም ስትደርስ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ እንዲወጋና ለጉበት ቫይረስ ደም እንዲመረመር ነገረቻት። ማዳም ወንበር ላይ ተቀምጣ ሀሪሴ የነካ እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ትጠርጋለች።

ሚስተር ከሰዓት በኋላ ራሱ በፋሻ ታስሮ መጣ። ልጁን አይቶ ፊቱ ጠቆረ፣ ግን "ወንድ ሆኗል" አለ። ሀጄ ያኔ ነው የተናገሩት፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ እኔ ትራስ እያስተካከልኩ ነው። "ራስህን ሰነጠቅክ፣ እሱ ባንተና ባላህ መሀል ነው። ሁሴን ከርበላ ላይ ህፃን ልጁን ወደ ላይ ያነሳው ለምን ነበር? ውሃ ሊለምንለት ነው። በቀስት የመቱበት እነዚያ የየዚድ ሰዎች ናቸው። አንተ ዛሬ ልጅህን ይዘህ ከየትኛው ወገን ቆምክ?" ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተነፈሰም። ሚስተር ወጥቶ ባልኮኒ ላይ እስኪመሽ ቆመ። ስገባ ስወጣ አየዋለሁ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በአስር ቀን ውስጥ መጅሊስ ላይ ያልሰማሁት ለቅሶ ነበር።

በነጋታው ለሀጄ ልብሱን የተኮስኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው፣ ይቅርታም ጠየቅኩ። "እናቱም አይታ ዝም ብላለች፣ እኔም ጠርጥሬ ዝም ብያለሁ" አሉኝ። ከዛ ስለ ቡናው ስጠይቃቸው "እናትሽ በፍቅር ነው ያደረገችው፣ ልጄም ልጁን ይወዳል" ብለው ዝም አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ሚስተር ራሱን ተሰነጠቀ፣ አልተወም፣ ተወ ብዬ አልዋሽም። ልጁ ግን በአባስ ስም ውሃ ከሚያድሉት ጋር ነበር፣ አባስ ለተጠሙት ህፃናት ውሃ ሊያመጣ ሄዶ እጆቹን የተቆረጠው የሁሴን ወንድም ነው። የፕላስቲክ ብርጭቆ በካርቶን ይዞ ሲሮጥ ከባልኮኒ አይቼዋለሁ፣ ቀና ብሎ አየኝና ደጅ ወርጄ እንድጠጣ ጠራኝ።

ኮንትራቴን ጨርሼ ደሴ ከገባሁ ቆየሁ። በ2024 ጥቅምት የናበቲየ ገበያ በቦምብ ሲፈርስ ቀንና ሌሊት ደውዬ ማዳምን አገኘኋት፣ ወደ ሰሜን ሸሽተው ተርፈዋል። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ በወፍራም ድምፅ ሲያናግረኝ አላወቅኩትም።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ደጃፍ ላይ አዳልጦት ድንጋይ ግንባሩን ፈነከተው። እናቴ ከጓዳ የቡና ቆርቆሮዋን ክዳን እየከፈተች ሮጣ መጣች። አንድ እጄ ልጁ ግንባር ላይ ንፁህ ጨርቅ ይዟል፣ በሌላኛው የእማዬን እጅ ያዝኩ። "ልቀቂኝ እንጂ፣ ደሙ እኮ አለቀ!" አለችኝ። "እማዬ 10 ደቂቃ ብቻ ስጪኝ" አልኳት፣ ስልኬን አውጥታ ሰዓቱን እንድትቆጥር ነገርኳት። ቆርቆሮዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ደቂቃዋን ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች።