ከላፕቶፑ ውጪ የሚኖር ሲስተም

ይሄን የምጽፈው በአሮጌው ላፕቶፔ ነው። የተነሳው ግን ውስጡ ካለው ዲስክ አይደለም። በዩኤስቢ ጎኑ ላይ ከተሰካች፣ ከመዳፌ ከምታንስ ኤስኤስዲ (ፈጣን የዲስክ ዓይነት) ነው። እሷ ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባል፣ እንደ ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያሠራ ሲስተም ጭኛለሁ። ውስጥ ያለው ዊንዶውስ እንዳለ ተቀምጧል።

ይሄ ማሽን «አርጅቷል፣ ቀይረው» የተባለው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ፍጥነቱ ነው፤ ዊንዶውሱ ተነስቶ ለሥራ እስኪደርስ ትዕግስት ያስጨርሳል። ሌላው ዊንዶውስ 11 አልቀበልህም ማለቱ ነው። ፕሮሰሰሩ 6ኛ ትውልድ ኢንቴል ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው የሚፈልገው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስክሪኑ ደህና፣ ኪቦርዱ ደህና፣ ራሙ 8 ጊጋ የሆነ ላፕቶፕ እንዲህ ሲባል ያናድደኛል።

ለዝግታው ተጠያቂው ፕሮሰሰሩ አልነበረም። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ሲስተም ሲነሳ እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይለቅማል፣ የዲስኩ አንባቢ ክንድም ለየፋይሉ ወዲያ ወዲህ ማለት አለበት። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። በገመድ በኩል ሆኖ እንኳ ውስጥ ያለውን ዲስክ የሚቀድመው ለዚህ ነው። የሚሰካበት ቦታ ግን ወሳኝ ነው። ዩኤስቢ 2.0 ቢበዛ በሰከንድ 480 ሜጋ ቢት ያሳልፋል፣ 3.0 ደግሞ 5 ጊጋ ቢት። 3.0 ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው።

ብዙ ሰው ሊኑክስን የሚያውቀው ከፍላሽ አስነስቶ በመሞከር ነው። ያ ጥሩ ነው፣ ግን ማሽኑ ሲጠፋ የሠራኸው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። እኔ የፈለግኩት እውነተኛ ጭነት ነው፤ አፕዴት የሚያደርግ፣ ፋይሎቼንና ሴቲንጌን የሚያስታውስ። ስለዚህ የመጫኛውን ፍላሽ በአንዱ በኩል፣ ኤስኤስዲውን በሌላው በኩል ሰክቼ ነው የጫንኩት።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ቦታ አለ። ሲስተሙን ውጪ ባለው ዲስክ ላይ ጫን ብለህ ብታዘውም፣ አንዳንዱ መጫኛ ማስነሻውን፣ ቡትሎደር የሚሉትን፣ ውስጥ ባለው ዲስክ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (ማስነሻዎች የሚቀመጡበት የዲስክ ክፍል) ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ኤስኤስዲውን ስትነቅል ላፕቶፑ ጥቁር ስክሪን ላይ ግራብ (የሊኑክስ ማስነሻ ስም ነው) የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ሊቆም ይችላል። ኤስኤስዲውም ብቻውን ወደ ሌላ ማሽን ሲሄድ አይነሳም። ሁለቱ ሲስተሞች ተለያይተዋል ብለህ ስታስብ ተቆላልፈው ቀርተዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ ዘግቼ፣ የላፕቶፑን የጀርባ ክዳን ፈትቼ፣ የውስጡን ዲስክ ስቤ አወጣሁት። መጫኛው ዲስክ ምረጥ የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ ከራሱ ፍላሽ ሌላ የታየው ኤስኤስዲዋ ብቻ ናት። የሚሳሳትበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ክዳኑ የማይፈታ ላፕቶፕ ያለው ሰው፣ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ ከሲስተሙ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ከፈቀደለት የውስጡን ዲስክ እዚያ ገብቶ ለጊዜው እንዳይታይ ሊያደርገው ይችላል። ከጭነቱ በኋላ በኤስኤስዲዋ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ውስጥ ቡት የሚል ፎልደር መኖሩን አየሁ። ማሽኖች ከውጪ የተሰካ ዲስክ ላይ ማስነሻ ሲፈልጉ የሚያዩት እዚያ ነው።

አሁን ላፕቶፑን ስከፍት ኤፍ 12ን እጫናለሁ። (ቁልፉ እንደ ማሽኑ ይለያያል፤ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ የሚሆንበትም አለ።) ሁለት መስመር ይመጣል፣ ዩኤስቢ የሚለውን እመርጣለሁ። ዝም ካልኩት ዊንዶውስ ይነሳል። ያቺን ትንሽ ምርጫ እወዳታለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ ዛሬ በየትኛው እንደምሠራ የምወስነው እኔ ነኝ።

ትንንሽ ጣጣዎች አሉት። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በግሪንዊች ይይዘዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በአካባቢ ሰዓት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር ሰዓቱ ይዛባል። በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል። የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻም ቢጠፋ ይሻላል፣ ካልሆነ ዲስኩ በግማሽ እንደተኛ ስለሚቀር ሊኑክስ እንዲጽፍበት አይፈቅድም። ገመዱ በሥራ ላይ ከተነቀለ ደግሞ ሁሉም ነገር ባለበት ቀጥ ይላል። አጭር ገመድ የምጠቀመው ለዚህ ነው።

በጣም የገረመኝ ኤስኤስዲዋን ሌላ ላፕቶፕ ላይ ስሰካ ነው። ሊኑክስ አብዛኛውን ድራይቨር (ሃርድዌሩን የሚያሠራ ፕሮግራም) ከነከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት ጋር፣ ይዞት ስለሚዞርና ሃርድዌሩን በተነሳ ቁጥር አዲስ ስለሚያይ፣ ምንም ድራይቨር ጫን ሳይለኝ ተነሳ። የራሴ ዴስክቶፕ፣ የራሴ ፋይሎች፣ ትናንት ያቋረጥኩት ጽሑፍ ሳይቀር። ኪስ የሚገባ ዲስክ ግን ሊጠፋም ይችላል። ስጭን ኢንክሪፕት ያደረግኩት ለዚህ ነው፤ ከመነሳቱ በፊት የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል።

ኤስኤስዲውን ለምን በቃ ውስጥ አታስገባውም የሚለኝ አለ። አንድ ሲስተም ብቻ ለሚፈልግ ሰው ትክክል ነው፣ እኔም የምመክረው እሱን ነው። እኔ ግን በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም አለኝ፣ የዓመታት ፋይልም እዚያ አለ። ሁለቱ በአንድ ዲስክ ላይ እየተጋፉ እንዲኖሩ አልፈልግም። የቀረኝ የኤስኤስዲዋን ሙሉ ኮፒ ሌላ ዲስክ ላይ መያዝ ነው፤ የሳምንቱ መጨረሻ ሥራዬ እሱ ነው።