ወረፋው የት ነው የሚሠራው?

ደብረ ማርቆስ በምሠራበት ኮሌጅ፣ ውጤት በሚገባበት ሳምንት፣ አንድ አንጋፋ መምህር ወደ ቢሮዬ ገብተው «ልጄ፣ የአንዱን ክፍል ውጤት ሦስት ጊዜ ሞልቼ ሦስቴም ጠፋብኝ» አሉኝ። በእጃቸው የያዙት በእርሳስ የተጻፈ የስም ዝርዝር ዳርና ዳሩ ተሸብሽቦ ነበር፤ የእሳቸው ድካም እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

የኮሌጃችን የኢንተርኔት መስመር በሰከንድ 20 ሜጋቢት ይቀበላል፣ 4 ሜጋቢት ይልካል። የኮሌጁን ኮምፒውተሮች ከመስመሩ ጋር በሚያገናኘው በራውተሩ ላይ ለውጤት ማስገቢያው ገጽ ከሁሉ የሚቀድመውን ደረጃ 1፣ ለቪዲዮ ደግሞ የመጨረሻውን ደረጃ 8 ሰጥቼ ነበር፤ ሆኖም አንዳች ለውጥ አልመጣም። ምክንያቱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ከራውተሩ ወደ ሞደሙ፣ ማለትም ከውጭው መስመር ጋር ወደሚያገናኘን መሣሪያ፣ የሚሄደው ኬብል 100 ሜጋቢት ስለሚሸከም፣ ራውተሩ የመጣለትን ሁሉ ወዲያው ያሳልፋል፤ ፓኬቶቹ (መረጃው ተቆራርጦ የሚጓዝባቸው ትንንሽ ጥቅሎች) የሚከማቹት ሞደሙ ውስጥ ነው፣ ሞደሙም ቀድሞ የመጣውን ቀድሞ ከመላክ ሌላ ደንብ አያውቅም። ወረፋ በሌለበት ቦታ የተሰጠ ቅድሚያ ደግሞ ከወረቀት አያልፍም። በጎጃም መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የውሃ አባት ተራ የሚያስጠብቀው ውሃው በሚያጥርበት የቦይ መከፋፈያ ላይ ቆሞ እንጂ ወንዙ ሞልቶ በሚፈስበት ዳርቻ አይደለም።

ስለዚህ ወረፋውን ወደ ራውተሩ ማምጣት ነበረብኝ። የመላኪያውን ከፍተኛ ገደብ 3.6፣ የመቀበያውን 18 ሜጋቢት አደረግሁት። ከመስመሩ አቅም አንድ አሥረኛውን መተው ለብዙዎች ብክነት ይመስላል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ትርፍ ያለው ወጪ አላውቅም። 1 ሜጋባይት (8 ሜጋቢት) የሚይዝ የሞደም ቋት፣ ማለትም ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት ማከማቻ፣ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ላይ ሲሞላ፣ መጨረሻ የገባው ፓኬት 2 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ ይኸው ነው የውጤት ማስገቢያ ገጹን ሲያቋርጥብን የኖረው። ከለውጡ በፊት አንድ ሰው ቪዲዮ ሲጭን ፒንጉ (አንድ አጭር መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከ1,800 ሚሊሰከንድ በላይ ይወጣ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ግን 60 አልሞላም።

በመቀበያው በኩል ነገሩ ይከብዳል፤ ፓኬቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ጠባቡን መንገድ አልፎ ነው። ያም ሆኖ ራውተሩ ከገደቡ ያለፈውን ሲያዘገይ ወይም ሲጥል፣ ቲሲፒ የተባለው የመረጃ መላኪያ ደንብ ያንን አይቶ ከወዲያኛው ጫፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ኮዴል የተባለው ዘዴ የሚመለከተውም የወረፋውን ርዝመት ሳይሆን ፓኬቱ የቆየበትን ጊዜ ነው፤ ቆይታው 5 ሚሊሰከንድ አልፎ ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ሳይወርድ ሲቀር መጣል ይጀምራል። ይህ ዘዴ ከነተከታዮቹ ዛሬ የማይክሮቲክ ራውተሮች በሚሠሩበት ሶፍትዌር፣ በራውተርኦኤስ 7 ውስጥ አለ።

ቪዲዮ እንድዘጋ የመከሩኝ ነበሩ፤ አልተቀበልኩም። ተማሪው ያልገባውን ትምህርት በስልኩ ደግሞ የሚያየው በቪዲዮ ነው፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን ሙሉውን ይጠቀምበት፣ ውጤት ሲገባ ደግሞ ለጊዜው ይታገስ። የዊንዶውስ ማሻሻያዎችን ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ እንዲወርዱ አድርጌአለሁ።

አንድ ጣጣ ይቀራል። መስመሩ አንዳንድ ከሰዓት ወደ 12 ሜጋቢት ሲወርድ፣ የ18ቱ ገደብ ትርጉም ያጣል፣ ወረፋውም ከእጄ ይወጣል። ስለዚህ በየሰኞው ጠዋትና ከሰዓት ፍጥነቱን እለካለሁ፤ የውጤት ሳምንት ሲደርስ ደግሞ ገደቡን ካየሁት ዝቅተኛ ቁጥር በታች አደርገዋለሁ።