አሳ ነው አትክልት?
ጎረቤቴ እማማ ዛሬ ጠዋት ጀሪካን ሊዋሱ ገብተው አኳሪየሙ ጋ ቆመው ቀሩ። "ልጄ፣ አሳ ነው አትክልት የምታሳድጊው?" እውነታቸውን ነው፣ ፖቶሷ (የምትንጠላጠለዋ የቤት ውስጥ ተክል) ከላይ ወጥታ መስኮቱን ልትሸፍነው ነው። አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጬ ነበር እኮ ጠርዙ ላይ ያንጠለጠልኩት፣ ቅጠሉ ውጪ ሥሩ ብቻ ውሃ ውስጥ፣ አሁን ነጫጭ ሥሮቿ እንደ ሽበት ተንዘርፍፈው ጉፒዎቹ፣ ትንንሾቹ አሳዎቼ፣ መሀል ለመሀል ድብብቆሽ ይጫወታሉ። የአሳውን ቆሻሻ ባክቴሪያ ናይትሬት (ለተክል ምግብ የሚሆን ነገር) ያደርገዋል እሷ ደሞ ትመጠዋለች፣ ለዛ ነው ድሮ በየሳምንቱ ውሃውን ስደፋ የነበርኩት አሁን በወር አንዴ ትንሽ ብቻ የምቀይረው (ውሃ በሳምንት 2 ቀን በሚመጣበት ኮንዶሚኒየም ቀልድ እንዳይመስላችሁ)፣ አዲሱን ውሃም ክሎሪኑ እንዲተን ከፍቼ አሳድሬ። ቤቴ ውስጥ ሳልለምነው ራሱን የሚያስተዳድር ነገር ይሄ ብቻ ነው።
እማማ ቅጠሏ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችውን የውሃ ጠብታ በጣታቸው ነካ አርገው "ጠግባ ነው" አሉ። ጀሪካኑን ረስተውት ሄዱ፣ አንድ ቅርንጫፍ ግን በኩባያ ይዘው።