ቁልቁል በፍሪ

ከሐሙስ ጀምሮ ደብሮኛል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እኔም አላወቅኩትም። የበልጉ ዝናብ ይሆናል። ሲጠብቁት አይዘንብ፣ ሲዘንብ አያባራ። ዛሬ እማዬ «ተነስ እስቲ፣ ፒያሳ ሂድና መነጽሬን አምጣልኝ» ባትለኝ ኖሮ ከአልጋ መውረዴንም እንጃ። የመነጽሯ እጀታ ተሰብሮ ሳምንት ሙሉ ውዳሴ ማርያሟን ፊቷ ላይ ለጥፋ ነው ያነበበችው። ሱቁ ደግሞ ቅዳሜ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ፖስታ ቤት ጋ ላዳ ያዝኩ። በስልክ መኪና መጥራት ይቻል ነበር፤ ስልኬ ግን ሊሞት ዘጠኝ ፐርሰንት ቀርቶታል። ሹፌሩ ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ዋጋ ተከራከርን፣ እሳቸው አሸነፉ። ውስጡ ታፍኗል፤ መስኮት ዝቅ ላደርግ ስል ማዞሪያ የለውም። ሰውየው ዞር እንኳን ሳይሉ ከኮታቸው ኪስ ማዞሪያውን አውጥተው ሰጡኝ። አራት በር፣ አንድ ማዞሪያ። «ስትጨርስ ትመልስልኛለህ፣ ልጄ» አሉ። ከሐሙስ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ቴዎድሮስ አደባባይ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ሞተሯ ጠፋ። አንዴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ፣ እምቢ አለች።

«ካንዴላዋ ነው፣ እሳት የምትጭረዋ። እርጥበት ሲነካት ትኮራለች።»

ላዳ ቸርችልን ሽቅብ መግፋት የማይታሰብ ነው። ሰውየው ወደ ኋላ አዩ፤ መንገዱ ጭር ብሏል። የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን ረገጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቁ። ላዳዋ በጀርባዋ ወደ ፖስታ ቤት መንሸራተት ጀመረች። እኔ ወርጄ ከፊት እየገፋሁ እሮጣለሁ። ፍሪሲዮኑን ድንገት ሲለቁት ግንጭ አለች፣ ሳለች፣ ተነሳች። ከላይ የሴባስቶፖል አምሳያ ቁጭ ብሎ ያየናል። ያንን መድፍ ሰው በጫንቃው ጎትቶ መቅደላ አወጣው። እኔ አንድ ላዳ ቁልቁል ገፍቼ ትንፋሼ ተቆረጠ።

አጎቴም የራሱ ላዳ ነበረችው። እሱ ደግሞ ከማዘጋጃ ቁልቁል ሲወርድ ጭራሽ ሞተር ያጠፋ ነበር። «ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው» ይላል። ትራፊክ መብራት ካልያዘው በፍሪ ለገሃር ድረስ ይደርሳል። እኛ አራት ልጆች ከኋላ ተጣብቀን እንቀመጣለን። ሞተሩ ዝም ሲል እኛም ዝም እንላለን። የጎማው ሹክሹክታ ብቻ ይሰማል። አሁን ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል፤ ያኔ ግን አውሮፕላን የተሳፈርን ነበር የሚመስለን። አምና ልጆቹ ለምነው አሸጡት። የገዛው ሰውዬ ሊነዳት አልነበረም፣ ለመለዋወጫ ነው የወሰዳት። አጎቴ ይህን ሲሰማ «ጥሩ፣ ብዙ ቦታ ትኖራለች» አለ። ከዚያ ለሁለት ቀን ሰው አላናገረም።

ፒያሳ እንደወረድኩ መነጽሩን ላመጣ ነበር። ካፌዋ ግን በመንገዴ ላይ ናት። ያው ሁለቱ ተቀምጠዋል፤ ዶክተሩና ሒሳብ ሹሙ። ለአዲሶች፦ ዶክተሩ ሶማሌ ተራ የሚሠራ የላዳ ሐኪም ነው፤ ሒሳብ ሹሙ ጡረታ ወጥቷል፣ ሥራው የዶክተሩን ተስፋ ኦዲት ማድረግ ነው። ጾም ስለሆነ ማኪያቶ የለም፤ ሦስት ጥቁር ቡና።

«እያት! እያት እስቲ!» ዶክተሩ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። አዚሙት የምትባል አዲሷ ላዳ ናት። በፈረንጆቹ 2025 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ አሳይተዋታል። ከፍ ያለች፣ አፍንጫዋ ሰፊ፣ ፋናዋ ቀጭን። እውነቱን ልናገር? ከታች ላዳ የሚል ባይጻፍባት ቻይና ናት ብዬ አልፋት ነበር።

«ላዳዎች ሊነሱ ነው» አለ ዶክተሩ። ይህን ቃል ከእሱ ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ ቆጥሬ አላውቅም። 2022 ላይ የላዳ ፋብሪካ ባለድርሻ የነበረው የፈረንሳዩ ሬኖ ጥሎ ሲወጣ ግን ልቅሶ ተቀምጦ ነበር። ፈረንሳዮቹ ድርሻቸውን በአንድ ሩብል አስረክበው ሄዱ ሲባል ሒሳብ ሹሙ አልማረውም፦ «አንድ ሩብል! ሶማሌ ተራ በዚያ ዋጋ ብሎን ትሸጡልኛላችሁ?» ከዚያ በዚያው ዓመት ክረምት ፋብሪካው በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ የተጣለው ማዕቀብ ዕቃ ስላሳጣው ግራንታ የምትባለዋን ላዳ ኤርባግም ኤቢኤስ የሚባለው የፍሬን መቆጣጠሪያም ሳይኖራት ማምረት ጀመረ። ዓለም በሙሉ «አለቀላቸው» አለ። የእኛ ዶክተር ግን ከሐዘኑ የተነሳው ያኔ ነው። «ይኸው፣ ወደ ራሷ ተመለሰች!»

ቀጥሎ ኢስክራ የምትባል ላዳ መጣች። ኢስክራ በሩሲያኛ ብልጭታ ማለት ነው፤ የሌኒን ጋዜጣም ስሙ ይኸው ነበር። ሒሳብ ሹሙ በደርግ ጊዜ ውይይት ክበብ ተቀምጦ ይህን ስም በግድ አጥንቷል፣ «መኪና ሆኖ ይከተለኛል ብዬ አልጠበቅኩም» ይላል። ኢስክራ 2025 ላይ ለገበያ ቀረበች። በዚያው ዓመት መስከረም ሳይወጣ ደግሞ ፋብሪካው በሳምንት አራት ቀን ብቻ ወደ መሥራት ወረደ። ገበያው ቀዝቅዞ፣ የባንክ ወለዱ ሰማይ ነክቶ፣ ቻይናዎቹ ገብተው ነበር። ይህን ዜና ሒሳብ ሹሙ ነው ያመጣው፣ ደስ ብሎት። ዶክተሩ ቡናውን አስቀመጠና «እኔም በሳምንት አራት ቀን ነው የምሠራው። ሞቻለሁ እንዴ?» አለው።

እኔ እዚህ ላይ ሐሳቤ ሄደ። ሰውየው «ካንዴላዋ ነው» ያሉት ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቷል። ዶክተሩ ላዳ ሲፈታ አንድ የሩሲያ ቃል አይወጣውም። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ፤ ሁሉም ጣሊያን ትቶልን የሄደው ነው። ለነገሩ መኪናዋም የጣሊያን ናት። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር በፈረንጆቹ 1966 ላይ ተፈራረሙ፣ 1970 ላይ የመጀመሪያዋ ወጣች፤ ፊያት 124 ናት፣ የሩሲያ መንገድ የሚችል አካል ተሰጥቷት። ቆርቆሮዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን ጭቃ ስለማይችል በድራም ቀየሩት። የተሠራችበት ከተማ ቶሊያቲ ስሙን ያገኘው ከጣሊያኑ ኮሚኒስት ከፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው። እኛ ደግሞ ስለ እሷ የምንጨቃጨቀው ፒያሳ በሚባል ሰፈር ተቀምጠን ነው። በሩሲያ በኩል ዞራ ዘመዶቿ ቤት የገባች መኪና!

ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ጥሩ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ሒሳብ ሹሙ ግን እየጠበቀ ነበርና ዶክተሩን «እሺ፣ ተነሱ እንበል። በየት በኩል ሊገባልህ ነው?» አለው።

እውነቱን ነው። መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ያስታወቀው በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ቶሊያቲ በሳምንት ሰባት ቀን ብትሠራም ለእኛ አይደርሰንም።

«ኤሌክትሪክ አላቸዋ!» አለ ዶክተሩ። «ኢ-ላርገስ የምትባል።»

«ካንዴላ አላት?»

ዶክተሩ መለሰ ልበል? አልመለሰም። ስኳሩን አማሰለ፣ ያለቀ ቡና ነበር የሚያማስለው። ካንዴላ የላትም፣ ካርቡሬተር የላትም፣ ማርሚታ የላትም። የሚጠብቃት ላዳ ብትመጣ መጀመሪያ ሥራ የሚፈታው እሱ ነው። ይህን እስከ ዛሬ አላሰበውም ማለት ነው? ወይስ እያወቀ ነው የሚጠብቃት?

ሰው አይታዘበኝና፣ እኔም ብሆን አዚሙትን አልፈልጋትም። የኛዋ ላዳ ከቶሊያቲ የቀራት ነገር ትንሽ ነው። ወንበሯ መርካቶ የተሰፋ፣ ሰማያዊ ቀለሟ በብሩሽ የተለቀለቀ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ከየት ከየት እንደተለቃቀመ ዶክተሩ ብቻ የሚያውቀው። የአጎቴም አሁን እዚያ ውስጥ በቁራጭ በቁራጭ ትኖራለች። ዛሬ የገፋኋት ውስጥ የእሷ ዕቃ ይኖር ይሆን?

ከካፌዋ ስንወጣ መሽቷል። አዲሱ መንገድ መብራቱን አብርቷል፤ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የብስክሌት መስመር ሳይቀር አለው። ልጆች ፎቶ ይነሳሉ። ያምራል፣ አልዋሽም። አንዲት ልጅ መንገድ ጠየቀችኝና «ዶሮ ማነቂያን አልፈሽ...» ብዬ ጀመርኩ። የሌለ ሰፈር እያሳለፍኩ። ልጅቷ አመስግናኝ ሌላ ሰው ልትጠይቅ ሄደች።

ቤት ስገባ እማዬ በር ላይ ናት።

«መጣህ? መነጽሬስ?»

ደርቄ ቀረሁ። አሁን አስራ ሁለት ተኩል ሆኗል። የሌለውን መነጽር የምፈልግ መስዬ እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት ቀዝቃዛ ብረት ነካሁ። አወጣሁት። የመስኮት ማዞሪያ ነው።

እማዬ ተቀበለችኝና ዓይኗ ድረስ አስጠግታ አገላበጠችው። «ይኼ ደግሞ የምንድን ነው?»

የእኔ በኩል መስኮት እስከ ታች ክፍት ነበር። ይህን ስጽፍ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የሰውየው ስልክ የለኝም፣ ታርጋቸውን አላየሁም። ነገ ፖስታ ቤት ጋ ሄጄ ብቆም እያንዳንዱን ላዳ እያስቆምኩ «ካንዴላዋ የምትኮራዋ የእርስዎ ናት?» ልል ነው እንግዲህ?