አንድ ማዳበሪያ ድርቆሽ

ልጄ ሁለት ጥንቸሎች ይዛ የመጣች ቀን ትልቁ ጣጣ ስም ማውጣቱ መስሎኝ ነበር። ስሙ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ምግባቸው ግን አንከራተተኝ።

መጀመሪያ ጥቅል ጎመን በላይ በላዩ አበላናቸው። ሆዳቸው ተነፋ። የእንስሳት ሐኪም ጋ ይዣቸው ስሄድ ሰውዬው የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ ተቆጣኝ። የጥንቸል ዋና ምግብ ድርቆሽ ነው አለኝ። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ያድጋል፤ ሳር እያኘከች ካልሞረደችው መብላት ያቅታታል። አንጀቷም አሰር ካላገኘ ይቆማል።

ጎጃም ተቀምጬ፣ ያውም ደብረ ማርቆስ፣ ሳር ሊቸግረኝ ነው? ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ወሩ ግንቦት መሆኑን ማን ያስታውስ! ሳር የሚታጨደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ግንቦት ላይ ድርቆሽ የተረፈው ሰው እንደ ወርቅ ሻጭ ነው የሚኮራው።

«ስንት ከብት አለህ፣ ወንድሜ?» አለኝ ባለ ሸክሙ።

«ሁለት።»

«የሚታለቡ ናቸው?»

«አይ… ጥንቸሎች ናቸው።»

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ጭድ ሻጩ ዞሮ «ለጥንቸል ነው አለ!» ብሎ ጮኸ። የጭድ ተራ በሙሉ ሳቀብኝ። አንዲት እናት እንዲያውም «እነሱን ሽጥና ዶሮ ግዛ ልጄ፣ እንቁላል እንኳ ትጥልልሃለች» ብለው መከሩኝ። እኔም ከኀፍረቴ ብዛት ሳልከራከር የጠራውን 300 ብር ከፍዬ ሸክሙን በባለጋሪ አስጫንኩት።

ቤት ገብቼ ስፈታው ላዩ ቢጫ፣ ውስጡ ጥቁር ነው። ሳይደርቅ ተከምሮ ሻግቷል። ከጥንቸሎቹ በፊት እኔ አስነጠሰኝ። ሻጋታ ደግሞ ለእነሱ መርዝ ነው። ለካ ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ አይጠፋም፤ ሲያሸቱት ደስ ይላል፤ ሲያራግፉት አቧራ አይወጣውም። ይህን የተማርኩት 300 ብሬን ከከፈልኩ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የጤፍ ጭድ ገዛሁ። ቀመስ አደረጉትና ተኙበት። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ፍራሽ ይሻላል።

በመጨረሻ ቢቸና በኩል ገጠር ያሉት አክስቴ ትዝ አሉኝ። ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«አክስቴ፣ በሞቴ፣ አንድ ማዳበሪያ ድርቆሽ ይላኩልኝ። ቤት ያሉት የሚበሉት አጥተዋል። እዚህ የሚሸጠው እሳት ሆኗል!»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ወይኔ ልጄን! አፈር ልብላልህ!» ብለው አለቀሱ። እንስሳ እንዲህ የሚያሳዝናቸው አይመስለኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን መናኸሪያ ሄጄ ማዳበሪያውን ተቀበልኩ። ብድግ ሳደርገው ኮሽ ኮሽ ይላል። ቤት ስፈታው እንጀራ! ያውም በፀሐይ ደርቆ ቅርፍ ቅርፍ የሚል ምርጥ የጤፍ ድርቆሽ። ሥር ደግሞ በርበሬ፣ ሽሮና በመሃረብ ጫፍ የተቋጠረ 500 ብር።

ተማሪ ሳለሁ ድርቆሽ የሚቋጥሩልኝ እሳቸው ነበሩ። የደረቀ ሳርም ድርቆሽ፣ የደረቀ እንጀራም ድርቆሽ! አማርኛ ለሁለቱ አንድ ቃል የሰጠው እኔን ሊያዋርድ ነው እንዴ?

ወዲያው ደወልኩ። ስልኩ አይሠራም። በማግስቱ ጠዋት በር ተንኳኳ። አጎቴ ናቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው። ለካ «ማርቆስ ያለው ልጅ ተርቧል» ተብሎ አገር ተሰብስቧል።

ገብተው እንደተቀመጡ አንዷ ጥንቸል ከአልጋ ሥር ብቅ አለች። አጎቴ ጥንቸሏን አዩ። ምድጃ ላይ የተጣደውን ድስት አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«ልጄ፣» አሉ በቀስታ፣ «እዚህ ድረስ ደረሳችሁ?»

«ኧረ አጎቴ፣ አንበላቸውም!»

«ጥንቸል እኮ ታመሰኳለች እንጂ ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ተጽፏል፤ አይበላም!» አማተቡ።

በቅዱስ ማርቆስ ማልሁላቸው። ድስቱን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ የራሳቸው ድርቆሽ ነው፣ ፍርፍር ሆኖ። ነገሩን ከመጀመሪያው ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ታዲያ ሳር አትልም ነበር?» አሉና 500 ብሩን መልሰው ወሰዱ።

በሳምንቱ ከመናኸሪያ ተደወለልኝ። ሁለት ማዳበሪያ መጥቷል። በከሰል ትልልቅ ፊደል ተጽፎባቸዋል፦ በአንዱ ላይ «የጥንቸል»፣ በሌላው ላይ «የሰው»።