ስልክ ቁጥሩ ያለው ሰርቨሩ ውስጥ ነው

ዘመድ አዝማድ ሥራዬን ሲጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፤ «የስቴት መንግሥት ኮምፒውተሮች ላይ እሠራለሁ» እላለሁ። አክስቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ቤተሰቡ ውስጥ የተበላሸ ፕሪንተር ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ፣ ፕሪንተሩን እሠራለሁ።

የእኔን ሥራ እንኳ ተዉት፣ የአለቃዬ ሥራ ነው ለማስረዳት የሚከብደው። እዚህ አሜሪካ ስቴቶች ዋና የቴክኖሎጂ ሹም አላቸው፤ ሲአይኦ ይሉታል። አጠገቡ የሳይበር ደህንነት ኃላፊው አለ፣ እሱን ደግሞ ሲሶ ይሉታል፤ የእኔ አለቃ እሱ ነው። በእኛ ቋንቋ ሲሶ ማለት ሦስተኛው እጅ ነው አይደል? የሰውየው ሥልጣንም ብዙ ጊዜ ከዚያ አይበልጥም።

የማጋንን እንዳይመስላችሁ። ሰው የስቴት መንግሥት ሲባል አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ይመስለዋል። መንጃ ፈቃድ ሰጪው ራሱን የቻለ ነው፣ ግብር ሰብሳቢው ራሱን የቻለ ነው፣ እስር ቤቱም፣ ፓርኩም፣ የሥራ አጥ ድጎማ የሚከፍለውም እንደዚያው፤ እያንዳንዱ የራሱ ኃላፊ፣ የራሱ በጀት፣ ሃያ ሠላሳ ዓመት የቆየ የራሱ ሲስተም አለው። በብዙ ስቴቶች ገንዘብ ያዡና ዋናው ዐቃቤ ሕግ በሕዝብ የተመረጡ ናቸው፣ ገዥውን እንኳ አለቃዬ አይሉም። እንግዲህ የእኔ አለቃ ለእነዚህ ሁሉ «ይህን ቀዳዳ ዝጉ» ማለት አለበት። ይላል። እነሱም «እናየዋለን» ይላሉ። አንድ ነገር የተፈጠረ ቀን ግን ጋዜጠኛ ፊት የሚቆመው እሱ ነው። ሥራው ግማሹ ቴክኖሎጂ፣ ግማሹ ልመና ነው ብል ማንም ባልደረባዬ አይከራከረኝም።

ኖርዝ ዳኮታ በ2019 በሕግ ይህን ለማስተካከል ሞክራለች። ትምህርት ቤትና ከተማ ሳይቀር የሳይበር ደህንነት ስልታቸውን ማዕከላዊው መሥሪያ ቤት እንዲመራው ተደረገ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሌላው ቦታ ግን አብዛኛው ነገር ዛሬም በትውውቅና በትዕግሥት ነው የሚሄደው።

ልመናው ሰሚ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሳውዝ ካሮላይናን ማየት ይበቃል። በኦገስት 2012 የግብር መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ኢሜይል ደረሳቸው፣ አንዱ ሊንኩን ተጫነ። አለቀ። ሌባው በሠራተኛ ስምና ፓስዎርድ ከውጭ ሆኖ ገባ። ፓስዎርዱን የሚያግዝ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሮቹም (እያንዳንዱ ሰው በመንግሥት ዘንድ የሚታወቅባቸው) ያለ ምስጠራ እንዲሁ ተቀምጠው ነበር። 3.8 ሚሊዮን ያህል ግብር ከፋይ መረጃው ተወሰደበት። ስቴቱ ራሱ የነቃው ደግሞ በኦክቶበር የገንዘብ ወንጀልንም የሚመረምረው የፌዴራሉ ሴክሬት ሰርቪስ ሲነግረው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሂሳቡ ነው። ያ ሁለተኛ ማረጋገጫ 25 ሺህ ዶላር ገደማ ያስወጣ እንደነበር በኋላ ምክር ቤት ፊት ተነግሯል። መረጃቸው የተሰረቀባቸውን ሰዎች ክሬዲት ለመከታተል፣ ማለትም በስማቸው ሌላ ሰው እንዳይበደር ለመጠበቅ ብቻ ስቴቱ እስከ 12 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተዋዋለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ግን ለፍርድ አትቸኩሉ፤ ምንም ባልተፈጠረበት ዓመት በጀት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ «እንዳይፈጠር ነው ገንዘቡን የምፈልገው» ብሎ ማሳመን እንዴት እንደሚከብድ አይቻለሁ። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው የሚጠይቀው ለድልድይ ነው። ድልድይ ይታያል።

የቅርቡ የኔቫዳ ነው። በኦገስት 2025 ከ60 በላይ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቀን ተመቱ፣ የመንጃ ፈቃድ ቢሮዎች ተዘጉ። ሲጣራ ነገሩ የጀመረው ሜይ ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ ለሥራው የሚፈልገውን ፕሮግራም ከአስመሳይ ድረ ገጽ አወረደ። ልብ በሉ፣ ይሄ ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው አይደለም፣ የሙያው ሰው ነው። ፀረ ቫይረሱ ጁን ላይ ፕሮግራሙን ይዞ አስወገደው፣ የከፈተው በር ግን እንደተከፈተ ቀረ። ሌቦቹ ሲስተሙን ከመቆለፋቸው በፊት ባክአፑን፣ ማለትም ለክፉ ቀን የሚቀመጠውን የመረጃ ቅጂ፣ አጠፉት።

ባክአፕ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የሰው ሁሉ መጽናኛ እሱ ነውና። «ባክአፕ አለን» የማይል መሥሪያ ቤት አጋጥሞኝ አያውቅም። «መልሳችሁ ሞክራችሁታል?» ሲባል ግን ዓይን ለዓይን መተያየት ይመጣል። ከዋናው ኔትወርክ ጋር በአንድ ፓስዎርድ የሚከፈት፣ ተመልሶ ተነሥቶ የማያውቅ ባክአፕ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ኔቫዳዎች ሲስተሙን ለማስከፈት ለሌቦቹ ቤዛ አልከፈሉም። በ28 ቀን ተነሡ፣ ከተጎዳው መረጃ 90 በመቶ ያህሉን መለሱ፣ 50 ሠራተኞች 4,212 ትርፍ ሰዓት ሠሩ። እኔ የማደንቃቸው ግን ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው፤ ምን እንደተፈጠረ ከነስህተቱ ጽፈው ለሕዝብ አወጡት። ብዙ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ወረቀት ጠበቃ ጋ ቆልፎበት ይረሳዋል።

እኛም ቤት ሳቅ በሳቅ የሆነ ቀን ነበር። ዓመታዊ ልምምድ አለን፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን አደጋ ደረሰ እንባባላለን። አወያዩ ጀመረ፦ «እሑድ ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ሰርቨሮቹ ተቆልፈዋል። ኢሜይል የለም። መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«የጥሪ ሰንሰለቱን እንጀምራለን» አለ አንዱ ቶሎ ብሎ።

«ቁጥሮቹ የት አሉ?»

«የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ ላይ።»

«ዕቅዱስ?»

ዝም። ዕቅዱ ያለው የጋራ ፎልደሩ ላይ ነው። ፎልደሩ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው። ስምንት ሰዎች ነበርን፣ ስምንታችንም ወደ ቡና ጽዋችን አየን። አለቃዬ የገዥውን ቢሮ ቁጥር በቃሉ አያውቅም፣ እኔ የአለቃዬን በቃሌ አላውቅም። ስልኬ ላይ እንዳልል፣ የመሥሪያ ቤቱ ስልክ አድራሻውን የሚያመጣው ከዚያው ከተቆለፈው አካውንት ነው።

ያዳነችን ጡረታ የቀረባት የግዢ ክፍል ባልደረባችን ናት። ቦርሳዋን ከፍታ ጥግ ጥጉ የተበላ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። በእጅ የተጻፈ፣ በፊደል ተራ። ግማሹ የቤት ስልክ ነው፣ አንደኛው ሰውዬ ጡረታ ከወጣ ሰነባብቷል፣ ግን ሰባት የሚሠሩ ቁጥሮች ተገኙ። በዚያን ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ እጅግ አስተማማኝ ሲስተም እሱ ነበር።

በሳምንቱ ለሁላችንም አንድ አንድ ካርድ ታተመልን፣ በላስቲክ የተለበጠ፣ የኪስ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ። አለቃዬ ራሱ ዞሮ አደለን። እኔ ከመንጃ ፈቃዴ ኋላ ነው የያዝኩት። ባለፈው ወር አንደኛው ቁጥር ተቀየረና ላስተካክል ብል ስክሪብቶው ላስቲኩ ላይ አልጽፍ አለኝ።